ምዕራፍ 6፦ ብሩ አዲስ አበባ፣ ልጁ ባሕር ማዶ

ኢትዮጵያ ገንዘብ የሚላክላት አገር ናት። የባንኮቻችን ማስታወቂያና ሽልማት ሁሉ ከዋሽንግተን፣ ከጅዳ፣ ከቴል አቪቭ ወደዚህ ለሚመጣው ዶላር የተሰናዳ ነው። የተላከልንን ለመቀበል መታወቂያና የምስጢር ቁጥር ይዘን መስኮቱ ጋ መቆም ይበቃል። በተቃራኒው አቅጣጫ ለልጁ የትምህርት ክፍያ ሊልክ የመጣ ወላጅ ግን በዚያው ባንክ ውስጥ ሌላ ፎቅ፣ ሌላ ወረፋ፣ ሌላ ቋንቋ ይጠብቀዋል። የቅበላ ደብዳቤ ይጠየቃል፣ የክፍያ መጠየቂያ ይጠየቃል፣ ማመልከቻ ጽፎ ያስገባል፣ "እንደውላለን" ይባላል።

ነገሩን የባንክ ሠራተኛው ክፋት አድርጎ መውሰድ ይቀናናል። ምክንያቱ ሌላ ነው። ብር ከአገር ውጭ አይገበያይም። ለልጅዎ የሚከፈለው እያንዳንዱ ዶላር ቀድሞ በቡና፣ በወርቅ፣ በአበባ ወይም ከውጭ በሚላክ ገንዘብ ወደ አገር የገባ መሆን አለበት። በሂሳብዎ ያለው ብር ከዚያ ዶላር ላይ ድርሻ ለመጠየቅ ያስችልዎታል እንጂ ራሱ ድንበር አይሻገርም።

የቀደመው ትውልድ ልምድም እዚህ ላይ ብዙ አይረዳንም። በደርግ ጊዜ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ የሄዱት በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርታቸውም ማደሪያቸውም በተቀባዩ መንግሥት የተሸፈነ ነበር። ወላጅ የሚልከው በመንገደኛ ሻንጣ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ነው። በራሱ ኪስ የውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚከፍል የደመወዝተኛና የነጋዴ ቤተሰብ በብዛት የታየው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ልምዱን የሚያወርሰው አያት የለውም።

እስቲ መጀመሪያ ዋጋውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1992 አንድ የአሜሪካ ዶላር በይፋ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ስለዚህ 10,000 ዶላር በወረቀት ላይ 20,700 ብር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1992 መንግሥት ምንዛሪውን 5 ብር ሲያደርገው ያው 10,000 ዶላር 50,000 ብር ሆነ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 ብር በ15 በመቶ ከተቀነሰ በኋላ 270,000 ብር ገደማ ደረሰ። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሊለቅ ዋዜማ ላይ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ ከ570,000 ብር በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን፣ በአውሮፓውያኑ ጁላይ 29 ቀን 2024 ገበያው ተከፈተ፤ በዓመቱ ከ1,300,000 ብር አልፏል።

ይህን በአንድ ልጅ ዕድሜ እንየው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጸው ወደ አሜሪካ ኮሌጅ የገባች ተማሪ ለመጀመሪያው ዓመት አባቷ ዶላሩን የገዛው በ52 ብር ገደማ ነው። አራተኛው ዓመት ሲጀመር፣ በ2025፣ ከ130 ብር በላይ ይከፍላል። ኮሌጁ ዋጋውን አንዲት ዶላር ባይጨምር እንኳ የአባቷ ወጪ ከእጥፍ በላይ አድጓል፤ የብዙ ደመወዝተኛ ገቢ ግን በዚያ ልክ አላደገም። በዚህ ምክንያት፣ ልጁን ውጭ ለማስተማር የሚያስብ ሰው "ስንት ብር አለኝ?" ብሎ መጀመሩን እቃወማለሁ። ጥያቄው "ለአራቱ ዓመት ስንት ዶላር ያስፈልጋል፣ ከየት ይገኛል?" ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የሚበቃ ብር ይዞ ልጅን መሸኘት ልጁን ሦስተኛ ዓመት ላይ ከትምህርት ገበታ ለማስነሳት መዘጋጀት ነው። የ5,000 ዶላር የትምህርት ዕርዳታ የሚሰጥ ብዙም ስም የሌለው ኮሌጅ፣ ምንም ከማይሰጥ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ የሚሻልበት ቤት ብዙ ነው።

ከ2016ቱ ለውጥ በፊት ችግሩ ሌላ መልክ ነበረው። ዶላሩ በይፋ ርካሽ ነበር፤ ግን አይገኝም። ወረፋው ከትምህርት ዘመኑ ይረዝማል። አሁን ዶላሩ ከቀድሞው በተሻለ ይገኛል፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ከለውጡ ጋር የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ሌላም በር ከፍቷል፤ ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ወይም በውጭ ምንዛሪ ደመወዝ የሚያገኝ ነዋሪ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ እንዲኖረውና ከዚያ ላይ ለውጭ አገልግሎት እንዲከፍል ይፈቅዳል። እህቱ ከውጭ በየወሩ የምትልክለት፣ ወይም በዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠራ ወላጅ ይህን ሂሳብ ልጁ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ቢከፍት ይመከራል። በቪዛ ማግስት የተከፈተ ሂሳብ ባዶ ነው።

ዶላሩ ተፈቀደ እንበል። ቀጥሎ የሚሆነውን ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ያስባል፤ ገንዘቡ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ኦሃዮ የሚደርስ ይመስለዋል። የሚጓዝ ገንዘብ የለም። የሚጓዘው መልእክት ነው። መልእክቱን የሚያመላልሰው ስዊፍት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1973 በቤልጅየም ሲመሠረት ሥራው የባንኮችን የቴሌክስ ልውውጥ መተካት ነበር፤ እስከ ዛሬም አንዲት ሳንቲም በእጁ አይዝም። የእርስዎ ባንክ ኒው ዮርክ ወይም ፍራንክፈርት ካለ ትልቅ ባንክ ዘንድ በራሱ ስም የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ አለው። ብርዎን እዚህ ይቀንሳል፣ ለዚያ ባንክ ደግሞ "ከሂሳቤ ላይ 9,000 ዶላር ቀንሰህ ለእገሌ ዩኒቨርሲቲ ባንክ አስተላልፍ" የሚል መልእክት ይልካል። ሁለቱ ባንኮች በቀጥታ የማይገናኙ ከሆነ ሦስተኛ ባንክ መሃል ይገባል። እያንዳንዱ ባንክ መልእክቱን ያነብባል፣ ስሞቹን ከማዕቀብ ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፣ የድካሙንም ይቆርጣል።

ወላጅ የሚጎዳው በዚህች ቁራጭ ነው። የክፍያ መጠየቂያው 9,000 ዶላር ይላል፤ አባት 9,000 ዶላር ላከ፤ መሃል ያለው ባንክ 25 ዶላር ቆረጠ፤ ዩኒቨርሲቲው የደረሰው 8,975 ነው። ከዚህ በኋላ የሚናገረው ኮምፒዩተር ነው። ተማሪዋ ዕዳ አለባት፣ ዕዳ ያለበት አይመዘገብም፣ የምትፈልገው የኬሚስትሪ ክፍል እስከ ማክሰኞ ሞልቷል። አባት "ከ9,000 ላይ 25 ዶላር ምን ትሆናለች?" ይላል። ለእሷ ብሎ ደግሞ ሁለተኛ ማመልከቻ፣ ሁለተኛ ፈቃድ፣ ሁለተኛ የአገልግሎት ክፍያ አለ። ቁራጩ ከማን ላይ እንደሚነሣ የምትወስነው በማመልከቻ ቅጹ ላይ ያለች ባለ ሦስት ፊደል ምርጫ ናት። "ኦ ዩ አር" የሚለው ላይ ምልክት ከተደረገ የመንገዱን ወጪ በሙሉ ላኪው ይሸፍናል። "ኤስ ኤች ኤ" ከሆነ ላኪ የራሱን፣ ተቀባይ የተረፈውን ይችላል። "ቢ ኢ ኤን" ከሆነ ሁሉም ከተቀባዩ ላይ ይቆረጣል። ለትምህርት ክፍያ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። ሠራተኛው ሳይጠይቅዎ ሁለተኛውን ሊሞላው ይችላል፤ ለሌላው ደንበኛ የተለመደው እሱ ነውና።

ቅጹ ላይ ሌሎች ቦታዎችም አሉ፣ ግን በፍጥነት ልለፋቸው። የስዊፍት ኮድ 8 ወይም 11 ፊደልና ቁጥር ነው። ጀርመን የሚልክ ሰው አይባን የተባለ 22 ቁምፊ ያለው የሂሳብ ቁጥር ይጠየቃል። አሜሪካ አይባን የሚባል ነገር አትጠቀምም፤ በምትኩ የባንኩ ባለ 9 አኃዝ ራውቲንግ ቁጥር አለ። እነዚህን ከዩኒቨርሲቲው ሰነድ ላይ መገልበጥ ነው። መዘንጋት የሌለበት "የክፍያው ምክንያት" የሚለው ቦታ ነው። ለረጅም ዘመን በሠራው የስዊፍት መልእክት ይህ ቦታ 4 መስመር ነበር፣ እያንዳንዱም 35 ቁምፊ ብቻ ይይዛል። ብዙ ወላጅ እዚያ ላይ "ለልጄ የትምህርት ክፍያ" ብሎ ያስሞላል። ዩኒቨርሲቲው በዚያ ሳምንት ከመላው ዓለም ስንት "ልጄ" እንደሚደርሰው አስቡት። መጀመሪያ መጻፍ ያለበት የተማሪው መለያ ቁጥር ነው፣ ከዚያ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ስሙ።

ስም ካነሣን፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አየለ በቀለ ተስፋዬ ለልጁ ለሂሩት ላከ እንበል። እሷ ሂሩት አየለ በቀለ ናት። ለእኛ ከዚህ የበለጠ ግልጽ የአባትና የልጅ ማስረጃ የለም፤ ስሙን ተሸክማለች። የፈረንጁ ባንክ ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ያነብባል። ላኪው ተስፋዬ፣ ተማሪዋ በቀለ፤ አይገናኙም። እናት ስትልክ ይብሳል፣ ምክንያቱም እናትና ልጅ አንድም የጋራ ስም የላቸውም። ስለዚህ "ላኪው ለተማሪዋ ምኗ ነው?" የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ መልሱ እስኪደርስ ክፍያው ይታገዳል። መድኃኒቱ ተተርጉሞ የተረጋገጠ የልደት የምስክር ወረቀት ነው፤ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ወጥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም የተመታበት። ቅጂው በልጁም በወላጁም እጅ ይኑር።

ከዚህ ጋር የላቲን ፊደል ጣጣ አለ። ፀሐይ በፓስፖርቷ ላይ በዋይ ታልቃለች፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ላይ በአይ፣ በባንክ ሂሳቧ ላይ ደግሞ ፊተኛዋ ቲ ጠፍታለች። ሦስቱም አማርኛ ለሚያውቅ ሰው አንድ ናቸው። ለማሽን ሦስት ሰዎች ናቸው። ፓስፖርት ከወጣ በኋላ ሌላው ወረቀት ሁሉ እሱን ይከተል፤ ክርክር አያስፈልግም።

የዘመን አቆጣጠርም የራሱን ያህል ያጠፋል። አሜሪካኖች ወርን ከቀን ያስቀድማሉ፤ 08/05 የሚል የመክፈያ ቀን ኦገስት 5 ነው፣ እኛ አገር ሐምሌ 29። እንደ ሌላው ዓለም ያነበበው ሰው ሜይ 8 ብሎ "አልፎኛል" ይላል፤ ከዚያ ይልቅ የሚከፋው በተቃራኒው የተሳሳተው ነው፣ ጊዜ ያለው መስሎት ይቀመጣል። የመጸው ሴሚስተር ክፍያ የሚደርሰው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። የእኛ በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ባንክ ቤቱ በዚያ ሰሞን ሂሳብ በመዝጋት ተጠምዷል። ማመልከቻውን ግንቦት ላይ ያስገባ ወላጅ እንቅልፉን ይተኛል።

መልእክቱ ከሄደ በኋላ ባንኩ የሚሰጥዎት የብር መቀነሻ ደረሰኝ ለዩኒቨርሲቲው ምንም አይነግረውም። የሚጠቅመው የስዊፍት መልእክቱ ቅጂ ነው፤ ባንክ ቤት ሰዎች ከልማድ "ኤምቲ 103" ይሉታል። በላዩ ላይ 36 ቁምፊ ያለው የመከታተያ ቁጥር አለ። ክፍያው "አልደረሰም" ሲባል ይህ ቁጥር ያለው ሰው ገንዘቡ የትኛው ባንክ ላይ እንደቆመ ይነገረዋል። የሌለው ሰው "ተልኳል" እና "አልደረሰም" በሚሉ ሁለት ሰዎች መካከል ይከርማል።

ከቪዛው ጋር የተያያዘውን ባጭሩ ላንሣ፤ እያንዳንዱ አገር የራሱ መለኪያ አለው። አሜሪካ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የመክፈል አቅም በማስረጃ ትጠይቃለች፣ ልኩም አይ 20 በተባለው የኮሌጁ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ሌላ ከኤምባሲው ቃለ መጠይቅ በፊት የሚከፈል 350 ዶላር የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) ክፍያ አለ። እንግሊዝ ገንዘቡ ለ28 ተከታታይ ቀናት ሳይጎድል በሂሳብ ውስጥ መቆየቱን ታያለች፤ በ27ኛው ቀን አውጥቶ መመለስ ቆጠራውን ከመጀመሪያ ያስጀምራል። ጀርመን ደግሞ በታገደ ሂሳብ ውስጥ የዓመት መተዳደሪያ አስቀድሞ እንዲገባ ታስገድዳለች፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ልኩ 11,904 ዩሮ ነው፣ ተማሪው ከዚያ ላይ በወር 992 ዩሮ ይለቀቅለታል። ለእኔ የጀርመኑ ይሻላል። በአንድ ጊዜ ያስጨንቃል፣ ከዚያ ግን የወላጅ ገቢ ቢናጋም የልጁ የዓመት እንጀራ በእጁ ነው። "እዚያ ሄዶ ሠርቶ ይከፍላል" የሚለውን ተስፋ ግን ተዉት። አሜሪካ የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም፣ ያውም በግቢው ውስጥ ብቻ ነው። የሚያገኘው ለጫማና ለአስቤዛ ይሆናል።

አሁን ብዙ ሰው የሚያውቀውን ሌላኛውን መንገድ ላንሣ፤ ብዘለው ምዕራፉ ሐሰት ይሆናል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው አጎት የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ከፍቶ በራሱ ካርድ ይከፍላል። ወላጆች ደግሞ ብሩን አዲስ አበባ ላሉት እናቱ፣ ወይም ቤት ለሚያሠራለት ሰው ይሰጡለታል። ከአገር የወጣ ብር የለም፣ የገባም ዶላር የለም። ሥራው በመሠረቱ ባንኮች እርስ በርስ ከሚያደርጉት ማቻቻል አይለይም፤ ልዩነቱ መዝገቡ በሁለት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ መሆኑ ነው። ከ2016ቱ ለውጥ በፊት ጥቁር ገበያው ከባንክ ዋጋ በእጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር፣ ሰው ግን ይሄድበት ነበር፤ ምክንያቱም የባንኩ ዶላር አይገኝም። ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ ጠብቧል፣ ግን አልጠፋም።

አጎት ከራሱ ገንዘብ የእህቱን ልጅ ቢረዳ ማንም አይከለክለውም፤ ስፖንሰር ነኝ ብሎ ይፈርማል፣ ኤምባሲውም ይቀበለዋል። በብር ተለዋውጦ ሲሆን ግን ያልተፈቀደ የምንዛሪ ንግድ ነው፣ ሕጉም ወንጀል ይለዋል። ሰው ሕጉን ሲያነሡበት "ሁሉም ያደርገዋል" ይላል፤ ስለዚህ ከሕጉ ውጭ ያለውን ጉዳት ልንገረው። ልጅቷ ትምህርት ብታቋርጥ ወይም ትርፍ ክፍያ ቢኖር፣ ዩኒቨርሲቲው የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ለከፈለው ካርድ ወይም ሂሳብ ነው። ገንዘቡ ለአጎት ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የቤተሰብ ሽምግልና ነው። በካርድ ለሚከፈል ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከ2 እስከ 3 በመቶ ይጨምራሉ። ታናሽ ወንድሟ በሦስተኛው ዓመት ለቪዛ ሲቀርብ ደግሞ "ለእህቱ ማን ከፈለ?" ለሚለው ጥያቄ ወላጆች የሚያሳዩት አንድ ወረቀት የላቸውም።

አጎት የሌለው ሰው ወደማያውቀው ደላላ ይሄዳል። አደጋው እዚህ ላይ ይከፋል። በብዙ አገር ተማሪዎች ላይ የደረሰ አንድ ማጭበርበር አለ፤ አንድ "ወኪል" የትምህርት ክፍያውን በ10 በመቶ ቅናሽ እከፍልልሃለሁ ይላል። በእርግጥም ይከፍላል። ተማሪው ገጹ ላይ "ተከፍሏል" የሚል ያያል፣ ብሩ ለወኪሉ ይሰጣል። ከሳምንታት በኋላ የተከፈለው በተሰረቀ ካርድ መሆኑ ይታወቅና ባንኩ ይመልሰዋል፤ ተማሪው ገንዘቡንም ከስሮ ዕዳውም ላዩ ላይ ይቀራል፣ አንዳንዴም መርማሪ ይጠብቀዋል። ማንም ሰው በዶላር ላይ ቅናሽ አያደርግም። በኢሜይል "የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል" የሚል መልእክት ሲመጣም በመልእክቱ ላይ ባለው ስልክ አይደውሉ፤ ቁጥሩን ከዩኒቨርሲቲው ዋና ገጽ ይውሰዱ።

ይህ ሁሉ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የክፍያ ገጽ ላይ የሚያዩት ፍላይዋየር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲመሠረት መሥራቹ ኢከር ማርካይዴ ከስፔን መጥቶ በኤምአይቲ የተማረ ሰው ነበር፤ ሥራውን የጀመረው ለውጭ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ መላክን ለማቅለል ነው። እንዲህ ያሉ አገናኞች የተማሪውን መለያ ቁጥር ከክፍያው ጋር ስለሚያያይዙ የ"ልጄ" ችግር ይቀንሳል። የእርስዎ ባንክ በእነሱ ሂሳብ ላይ ለመክፈል ፈቃደኛ መሆኑን ግን ቀድመው ይጠይቁ፤ የክፍያ መጠየቂያው ላይ የዩኒቨርሲቲው ስም ሳይሆን የእነሱ ስም ስለሚወጣ እዚህ መስኮት ላይ "ይህ ደግሞ ማን ነው?" መባሉ አይቀርም።

ለባንኮቻችን አንድ ልመና አለኝ። የውጭ ክፍያ ማመልከቻ ቅጹ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ ወላጁ ደግሞ ምናልባት በሕይወቱ ትልቁን ገንዘብ የሚከፍለው በዚያ ወረቀት ነው። ቅጹን ደንበኛው በሚያነበው ቋንቋ አሳትሙት፤ የመሃል ባንኩን ወጪ ማን እንደሚችል ከፊርማው በላይ ጻፉ፤ የስዊፍቱን ቅጂ ሳይለምን ስጡት።